የሰው ሳህን ሳይ የከረምኩበት ወቅት

ሰኞ

ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። «ስለ ራስዎ ይግለጹ» የሚለው ገጽ ዛሬም ባዶ ነው። ጽፌ ነበር፣ አጠፋሁት። «ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ጤና ያሳስበኝ ነበር» ብሎ ይጀምር ነበር። ዓይን ያወጣ ውሸት! በልጅነቴ የሚያሳስበኝ ገመድ ዝላይ ብቻ ነበር።

ይሄ ሁለተኛ ሙከራዬ ነው። ባለፈው ዓመት «እናዝናለን» ብለው መለሱኝ። የሥነ ምግብ ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ግን ሆስፒታል ገብቶ የተግባር ልምምዱን ያልጨረሰ ሰው የፈቃድ ፈተና አይቀመጥም፣ ፈቃድ የሌለው ደግሞ በሽተኛ አጠገብ አይደርስም። ዘንድሮም ካልሆነ የተማርኩት ትምህርት «ጊዜው አልፎበታል» ይባላል፣ ልክ እንደ እርጎ። ግማሹን እንደገና ልማር ነው ማለት ነው። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ ልጅ ይዤ፣ እናት ይዤ። አልችልም። ባለቤቴ «ትችያለሽ» ይላል። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሁሉ ነገር የራሱ መስመር ያለው ይመስለዋል።

ረቡዕ

የባለቤቴ እህት ደወለች። እሱ ጫማውን እያሰረ ስለነበር ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ለቀቀው። «እና አሁን በዚህ ዕድሜዋ ምግብ ማብሰል ልትማር ነው?» ስትል ኩሽና ሆኜ ሰማኋት። እሱ ሊከላከልልኝ ብሎ «ማብሰል አይደለም፣ የበሽተኛ ምግብ ነው» አላት። ስንት ዓመት መጽሐፍ ታቅፌ ስተኛ ያየ ሰው የገባው ይሄው ነው።

እራት ላይ እማዬ «እነሱ ያውሩ፣ አንቺ ጻፊ» አለችኝ። ሥጋዋን አንስታ ልጄ ሳህን ላይ አደረገችላት፤ እሷ ሾርባውን ብቻ ጠጣች። እማዬ ዘንድሮ በምግብ ቁጥብ ሆናለች። ለዕድሜዋ ጥሩ ነው።

ሐሙስ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ

ጻፍኩት! ስለ ክሊኒኩ ጻፍኩ።

ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ሰው ከሐኪሙ ክፍል ይወጣና እጁ ላይ አንዲት ወረቀት ይዞ የእኔ መስኮት ጋ ይቆማል። ጨው ቀንስ፣ ስኳር ተው፣ ቅባት አትንካ ትላለች ወረቀቷ። አንድ ቀን አንድ ግንበኛ መጣ፤ ጥፍሩ ውስጥ ሲሚንቶው ገና አልለቀቀም። ወረቀቷን አገላበጣትና «እሺ እህቴ፣ የማልበላውን ነገሩኝ። የምበላውንስ ማን ይነግረኛል?» አለኝ። «እኔም አላውቅም ወንድሜ» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን፣ ሄደ። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እሱን ጥያቄ ይዤ ነው።

ይሄንኑ ሳላሳምር እንዳለ አሰፈርኩት። ፊደሉን እንኳ መልሼ አላየሁም፤ ካየሁ አጠፋዋለሁ።

ዓርብ

ሄደ። «ላክ» የሚለውን የተጫነችው ልጄ ናት። የእኔ ጣት አልታዘዝ አለኝ። «እማ፣ እኔ ልንካው?» አለች፣ ነካችው። አለቀ።

ማክሰኞ

ለቃለ መጠይቅ ጠርተውኛል። የምለብሰው የለኝም። ኧረ የምናገረውም የለኝም።

ሐሙስ፣ ከቃለ መጠይቁ መልስ

ተበላሸ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ኮሪደሩ በወጣት ተሞልቷል። ገና ስገባ አንድ ፀጉሩን ያንጨበረረ ልጅ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «እናቴ ይቀመጡ፣ ልጅዎ ገብታ ነው?» አለኝ። «እኔው ነኝ የምገባው» ስለው እንደ ቲማቲም ቀላ። ከዚያ ሐፍረቱን ሊሸፍን ማውራት ጀመረ። ስለ ኮርሱ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ አጎቱ የሐሞት ጠጠር፤ እንደ ባቡር ነው፣ አንዴ ከተነሳ ፌርማታ የለውም። ሲጠራ ተንፈስ አልኩ።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ቀጭን ሴትዮ ናቸው፤ የሆስፒታሉ የሥነ ምግብ ክፍል ኃላፊ። ሌሎቹ ይጠይቃሉ፣ እሳቸው ያያሉ።

«ባለፈው ዓመት ለምን ያልተቀበልንሽ ይመስልሻል?»

«የጻፍኩት የማንም ሰው ሊሆን ይችል ነበር» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ከዚያ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩት። «አሁን እኔ በሽተኛ ነኝ። ሰማንያ ዓመቴ ነው። ምሳዬን አልበላም። አስበይኝ» አሉኝ።

ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ጀርባቸውን አየሁት። ወንበር ሳብኩና «እሺ እማማ፣ አይብሉ። እኔም ደክሞኛል፣ ትንሽ አጠገብዎ ልቀመጥ?» አልኳቸው። ደግሞ «ያስጠላዎት ምግቡ ነው ሰዉ?» አልኩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። «ሁለቱም» አሉኝ። «የትኛው ይብሳል?» ስል ሰዓቱ አለቀ ተባለ።

ስለ ፕሮቲን አንድ ቃል አልተነፈስኩም! ስለ ካሎሪ አንድ ቃል! ስወጣ ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ረጅም ነገር ይጽፉ ነበር፤ ምን ያህል እንደተሳሳትኩ ነዋ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ጃንጥላዬን ሳይቀር ረስቼ በዝናብ መጣሁ።

እሁድ

ሳህን አጠብኩ። መስኮት ወለወልኩ። የታጠበውን ሳህን ደግሜ አጠብኩ። ባለቤቴ «ምን አደረገሽ ሳህኑ?» አለኝ።

ረቡዕ

የሆስፒታሉ ጸሐፊ ደወለች።

«ጃንጥላ ረስተው ሄደዋል።»

«አዎ፣ ይቅርታ፣ አንድ ቀን ብቅ ብዬ እወስደዋለሁ።»

«ኧረ አይድከሙ፣ ሰኞ ሲጀምሩ ይወስዱታል።»

«ምን ስጀምር?»

«ልምምዱን ነዋ! እንዴ፣ እስካሁን አልነገሩዎትም?»

ስልኩን አልዘጋሁትም፤ ወረወርኩት። እማዬ እሳት የተነሳ መስሏት በሻሽ ብቻ ሮጣ መጣች። ልጄ አልጋ ላይ ዘለለች። ባለቤቴ በሥራ ላይ ስልክ አያነሳም፤ ስለዚህ ዋናው መንገድ ድረስ በነጠላ ጫማ ወርጄ አውቶቡሱ እስኪያልፍ ጠበቅኩት። በመስኮቱ «ገባሁ!» ብዬ ጮህኩለት። ጥሩምባውን ሲለቀው ትራፊኩ ዞሮ አየው።

ሰኞ፣ የመጀመሪያ ቀን

ነጩ ጋዋን ሁለት እኔን ይይዛል። ከገባነው አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ የቃለ መጠይቁ ባቡር! «እናቴ!» ብሎ ኮሪደሩን አናጋው። ስሙን እስካሁን በትክክል አልያዝኩም፣ ባቡር ብዬዋለሁ፤ እሱም ደስ ብሎታል።

ኃላፊያችን እኚያው ሴትዮ ናቸው። ነርሶቹ ከኋላቸው «ሚዛን» ይሏቸዋል፤ ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ ሚዛን አትጠፋም፣ ያገኙትን ዳቦ ሁሉ ይመዝናሉ። ቃልም ይመዝናሉ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» አላሉንም። «ጫማችሁ ያዳልጣል፣ ነገ ቀይሩ» ነው ያሉን።

ሐሙስ

ወጥ ቤት። እንፋሎት። ጩኸት። ትሪ፣ ትሪ፣ ትሪ። እግሬ የለም።

ማክሰኞ

ዛሬ ሰው ልገድል ነበር።

ትሪዎቹ በሚንሸራተተው ቀበቶ ላይ ያልፋሉ፤ እያንዳንዱ ላይ የበሽተኛው ካርድ አለ። የእኔ ሥራ ካርዱንና ምግቡን ማስተያየት ነው። ቀላል! ባቡር እያወራ፣ ሼፉ እየጮኸ፣ እኔ እየቸኮልኩ፣ መጨረሻ ላይ የቆሙት ሚዛን እጃቸውን አነሱ። ቀበቶው ቆመ።

«ይሄ ሙዝ የማን ነው?»

ካርዱ ቀይ ነው። ኩላሊታቸው የማይሠራ ሰው ናቸው።

«ለጤነኛ ሰው ሙዝ ነው። ለእኚህ ሰው ፖታሲየም ነው። ደማቸው ውስጥ ሲጠራቀም ልብ ሊያቆም ይችላል። ማን ነው ያሳለፈው?»

ሼፉ መሬት መሬት አየ። ባቡር ዝም አለ፣ ባቡር! «እኔ ነኝ» አልኩ።

ሚዛን ሙዙን አነሱ። «ሌላው ሰው ወደ ክፍል ይወጣል። አንቺ ግን አንድ ሳምንት እዚሁ ትቆያለሽ» አሉኝ።

ጠልተውኛል። ሊያባርሩኝ ምክንያት እየፈለጉ ነው። እውነታቸውን ነው።

ቅዳሜ

የቅጣት ሳምንቴ አለቀ። የሚገርመው፣ በየማለዳው ሚዛን ራሳቸው መጥተው አጠገቤ ይቆማሉ። ያን ያህል አያምኑኝም። ቆመው ስለ እያንዳንዱ ትሪ ይጠይቁኛል፤ ይሄ ለምን ጨው የለውም፣ ይሄኛው ለምን ደቀቀ፣ ለዚህች ነፍሰ ጡር ምን ትጨምሪላታለሽ። ባቡር «እኔን እኮ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አላስተማሩኝም» አለኝ። እንዲጽናና «ዕድለኛ ነህ» አልኩት።

ሰኞ

በሽተኞች ክፍል ገባሁ። ወረቀቴንና እስክሪብቶዬን ይዤ ወደ አንዲት አሮጊት ስጠጋ ሚዛን ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት።

«መጀመሪያ አፋቸውን እይ። ጥርስ አላቸው? ምላሳቸው ቆስሏል? ሰው ያልበላው ሁልጊዜ አልፈልግም ብሎ እንዳይመስልሽ።»

አሮጊቷ አፋቸውን ከፈቱልኝ። የላይኛው ድዳቸው ደም ይመስላል። ስንት ሰው «አይበሉም» ብሎ ጽፎባቸው አልፏል።

ማታ እማዬ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ ነክራ ጠርዙን ለእኔ ሰጠችኝ። «ጠርዙን ትወጂያለሽ» አለችኝ። እንቅልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣለኝ።

እሁድ

እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ልጄ ፖም ስትገምጥ «ለአያትሽ ስጫት» አልኳት። «አያቴ እኮ ፖም አትበላም፤ ጥርሷ መሳቢያ ውስጥ ነው» አለችኝ፣ ሁሉ ሰው የሚያውቀውን እንደምትነግረኝ።

መሳቢያውን ከፈትኩት። የእማዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ በመሐረብ ተጠቅልሎ ካልሲ ሥር ተኝቷል። እማዬን ወንበር ላይ አስቀምጬ አፏን አየሁት። ድዷ ላይ የቆየ ቁስል አለ። ቀሚሷን ወገቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች፤ እኔ ደግሞ አዲስ ፋሽን መስሎኝ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«እማዬ!»

«ማመልከቻ ስትጽፊ። ላላ ብሎ ይፈገፍገኛል። አንቺ ጭንቅ ላይ ነሽ፣ አሁን ጥርስ ይወራል? ሾርባ አለ አይደል?»

ቁጥብ ሆናለች ብዬ ጽፌያለሁ። እዚሁ ደብተር ላይ! ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ሳህን ሳገላብጥ እውላለሁ፤ እናቴ ፊቴ ተቀምጣ ስትከሳ «ለዕድሜዋ ጥሩ ነው» እላለሁ።

ባለቤቴ ነገ ፈረቃውን ቀይሮ ጥርስ ሐኪም ጋ ሊወስዳት ነው። እስከዚያ ድንች በወተት አላምኩላት፣ እንቁላል ጨመርኩበት። ሳህኑን ጠርጋ በላችው። «እንዲህ የሚጣፍጥ ከሆነ ቀደም ብዬ እነግርሽ ነበር» አለችኝ። እኔ ሳለቅስ እሷ ትስቃለች።

ሐሙስ

የእማዬ ጥርስ ከውስጥ በኩል አዲስ ልባስ ተደርጎለት መጣ። ድዷ እስኪድን ግን ሌላ ሳምንት ልስልስ ያለ ምግብ ብቻ ትበላለች። ዛሬ ስመዝናት ትንሽ ጨምራለች። ትንሽ ናት፤ ግን ጨምራለች!

ቅዳሜ

ረጅም ቀን። ተራ በተራ።

ጠዋት አንድ ሽማግሌ አስገቡ። ሰዓት ሠሪ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ምግብ እየተው፣ እየተው፣ መጨረሻ ላይ ሻይ ብቻ ቀርቷቸዋል። ጎረቤቶች በር ሰብረው ነው ያወጧቸው። ጉልበታቸው ከጭናቸው ይወፍራል። የተኙበት አንሶላ ሥር ሰው ያለ አይመስልም።

ሚዛን ቅዳሜ አይገቡም። ተረኛው ሐኪም ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ያላየ ወጣት ነው። በአፍንጫቸው በሚገባ ቱቦ ሙሉ ምግብ ወዲያው እንዲጀመርላቸው አዘዘ። ነርሷ ከረጢቱን ልትሰቅል ነው።

እኔ የማውቀው ይሄ ነው፤ ሰውነት ብዙ ቀን ካልበላ በኋላ ባንዴ ምግብ ሲጎርፍበት፣ ደም ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ወደ ሕዋሳቱ ይሮጣል፤ ደሙ ባዶ ይቀራል፤ ልብ ምቱን ይስታል። የሚያድነው ምግብ ራሱ ይገድላል። ለፈተና አጥንቼዋለሁ። በዓይኔ ግን አይቼ አላውቅም። ብሳሳትስ? ሙዙን ያሳለፍኩት እኔው አይደለሁ?

ነርሷን «እባክሽ እህቴ፣ ትንሽ ጠብቂኝ» ብዬ ሚዛን ጋ ደወልኩ። ነገርኳቸው።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«በትንሹ እንጀምር፣ ቫይታሚኑ ይቅደም፣ ደማቸው ይታይ እላለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔን ምን ልታደርጊኝ ደወልሽ? አበባ እያጠጣሁ ነው። ሂጂ ንገሪያቸው።» ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ነገርኩት። አልቆመልኝም። ከኋላው እየተከተልኩ ደገምኩለት።

«ተለማማጅ ነሽ አይደል?»

«ነኝ።»

«ሰውዬው ተርቧል። አንቺ ሲርብሽ በማንኪያ እየለካሽ ነው የምትበዪው?»

«እኔ ሲርበኝ ሁለት ቀን ተርቤ አላውቅም፣ ዶክተር። የእሳቸው ሰውነት ራሱን ሲበላ ነው የከረመው። የፎስፌታቸው ውጤት ይምጣ። ደህና ከሆነ ይሳቁብኝ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።»

ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። አየኝ፣ ከዚያ ነርሷ እጅ ላይ ያለውን ከረጢት አየ። «ደም ውሰዱ። ምግቡ ይቆይ» አለ።

ውጤቱ ሲመጣ ገና ምንም ሳይበሉ ፎስፌታቸው ወለሉን ነክቷል። ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ እኔ የተቀመጥኩበት መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ዕቅድሽን ጻፊልኝ፣ እፈርምበታለሁ።»

ጻፍኩ። ፈረመ። ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ «ደግሞ ሌላ ጊዜ ስትከራከሪ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። መጀመሪያ ያልሽውን እውነቴን ነው አልሰማሁትም» አለኝ።

ማታ ጎረቤቶቻቸው ትልቅ ድስት ተሸክመው መጡ። ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ «በልተው እንያቸው» አሉኝ። እነሱን መመለስ ከሐኪሙ በላይ ከበደኝ። አስቀምጬ አስረዳኋቸው። ድስቱ ለተረኞቹ ነርሶች ሆነ። ነርሷ አንድ ሳህን እጄ ላይ አኖረችና «አንቺ ራስሽ መቼ ነው የምትበዪው?» አለችኝ። ምሳ እንዳልበላሁ ያኔ ነው ያስታወስኩት።

ሰኞ

ትናንት የሰዓት ሠሪው ፎስፌት ደግሞ ወርዶ ነበር። ተተካላቸው። ዛሬ መውረዱ ቆመ። ምግቡን ትንሽ ጨመርን። ሚዛን ዕቅዴን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ አንድ ኮማ አስተካከሉ፣ ፈረሙ፣ ሄዱ። ኮማ ብቻ!

ዓርብ

ሰዓት ሠሪው ዛሬ ዓይን ዓይኔን እያዩ «የእጅ ሰዓትሽ ወደ ኋላ ይቀራል» አሉኝ። የመጀመሪያ ቃላቸው ይሄ ነው።

ረቡዕ

ቱቦው ወጣላቸው። ጉሮሯቸው ደህና ነው፣ አፋቸውን አይቻለሁ። ግን አይበሉም። ትሪው እንደሄደ ይመለሳል። ሾርባ ቀየርኩ። እንቁላል ቀየርኩ። ሩዙን አላላሁት። ምንም። ዛሬ ጨርሶ ሊያዩትም አልፈለጉም።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ምኑ ነው ያስቸገረዎት?»

ትሪውን ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ስንት ዓመት ከፊቴ ሰው ነበር። አሁን ማንኪያዬን ሳነሳ የምሰማው የራሴን ማኘክ ነው» አሉኝ።

ሐሙስ

የምሳ ዕቃዬን ይዤ ገባሁ። ተቀምጬ የራሴን መብላት ጀመርኩ። አላናገርኳቸውም። ባቡር ዳቦውን ይዞ ተከተለኝ፤ እሱማ ያወራል! ስለ አጎቱ የሐሞት ጠጠር ዛሬም ከመጀመሪያው ጀመረ። የጎን አልጋው አናጢ ወንበሩን ጎትቶ መጣ። በመስኮት በኩል ያለው ጡረተኛ አስተማሪ ትሪውን ይዞ ተጠጋ። ጨዋታው ሞቀ። ሰዓት ሠሪው ባቡርን «አንተ ልጅ፣ አጎትህ ጠጠሩ ወጣለት አልወጣለትም?» ሲሉት ማንኪያው እጃቸው ላይ ነበር። ባዶ ነበር፤ ሞልቶ አፋቸው ገብቶ፣ ባዶውን ወጥቷል። ማንም እንዳያይብኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ግማሽ ትሪ! ግማሽ!

ዞር ስል ሚዛን በሩ ላይ ቆመዋል። ለካ ሁሉንም አይተዋል።

«ይሄ የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያለው?»

«የለም» አልኩ።

«እንግዲያው ጻፊውና ለሌሎቹ ክፍሎች አከፋፍዪው» አሉኝ። ሄዱ። ጫማቸው የሚያዳልጥ ዓይነት መሆኑን ዛሬ ገና አየሁ።

ሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ የቀዶ ጥገናው ክፍል የእኔ ነው፤ ያለ ተቆጣጣሪ፣ አንድ ሳምንት። የመጨረሻው ፈተና ነው። ሚዛን «ከሞቱብሽ ብቻ ደውዪልኝ» አሉኝ። ቀልድ ይሁን አይሁን አልገባኝም።

ማክሰኞ

ሆዷ የተከፈተች ልጅ፤ ጭማቂ ጀምራለች። የስኳር በሽተኛው ሹፌር ኬክ ደብቆ ተገኘ፤ ተስማማን፣ ግማሹን በላ፣ ኢንሱሊኑ ተስተካከለ። እግሬ።

ሐሙስ

አልደወልኩም። እስካሁን አልደወልኩም።

ዓርብ

አለቀ። አልደወልኩም! ሁሉም ደህና ናቸው። የክፍሉ ዋና ነርስ «ሰኞም ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኩ። ከሰው አፍ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤት ስገባ እማዬና ልጄ በሥጋ ተጣልተው አገኘኋቸው። «ድሮ ለእኔ ነበር የምትሰጠው!» ትላለች ልጄ። «ድሮ ጥርስ አልነበረኝማ!» ትላለች እማዬ፣ እያኘከች። ጣልቃ አልገባሁም፤ እንዲህ ያለ ጠብ ይብዛልኝ።

ሰኞ

የሰዓት ሠሪውን ጉዳይ በሐኪሞችና በነርሶች ፊት አቀረብኩ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰዓት ሠሪው ራሳቸው በእግራቸው መጥተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤታቸው እራት አብሯቸው መብላት ጀምሯል። ተረኛ የነበረው ሐኪም እጁን አወጣ። ደነገጥኩ፣ ሊጠይቀኝ መስሎኝ። «ጥያቄ የለኝም። ያን ቀን ትዕዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ያስቆመችኝ እሷ ናት። ይሄንን ነው መናገር የፈለግኩት» አለና ተቀመጠ። ጭብጨባው ከየት እንደጀመረ አላየሁም። ባቡር ግን ቆሞ ያፏጭ ነበር።

ረቡዕ

ሚዛን ቢሮ። የመጨረሻ ግምገማ። ወረቀቱን ገልብጠው ሰጡኝ፤ ሁሉም መስመር ላይ «ብቁ» ይላል። እኔ እንግዲህ አፌን መግዛት አልችልም፣ ያለ የሌለውን ቀባጠርኩ። «ጠልተውኝ ነበር እኮ» አልኳቸው! እውነቴን ነው፣ እንዲህ አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ያን ቀን ማን አሳለፈው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም መሬት ሲያይ አንቺ ‹እኔ ነኝ› አልሽ። የሚደብቅ ሰው አላስተምርም፤ ጊዜዬ ውድ ነው። አንቺ አጠገብ አንድ ሳምንት በማለዳ የቆምኩት እንቅልፍ ጠልቼ ይመስልሻል?»

ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«ቀዶ ጥገናው ክፍል ሰው ይፈልጋል። የፈቃድ ፈተናሽን አልፈሽ ነይ። ደግሞ ጋዋንሽን አስጠብቢው፣ ድንኳን መስለሻል።»

ይሄ በእሳቸው ቋንቋ እቅፍ ነው።

ዓርብ

የምስክር ወረቀቱን ሰጡን። ባቡርም አልፏል፤ «እናቴ፣ ያላንቺ ዝም ብዬ እወድቅ ነበር» አለኝ። «አንተ ዝም ብለህ አትወድቅም፣ እያወራህ ነው የምትወድቀው» አልኩት። ተቃቅፈን ተለያየን።

ከሆስፒታሉ በር ወጥቼ ፌርማታው ላይ ስቆም የመጣው የባለቤቴ አውቶቡስ ነው። በአጋጣሚ ነው ይላል፤ መስመሩን ከጓደኛው ጋ ተቀያይሮ እንደመጣ ግን ፊቱ ያስታውቅበታል። ጋዋኔን ክንዴ ላይ አድርጌ፣ ወረቀቴን ደረቴ ላይ ይዤ ተሳፈርኩ። በሩን እንደዘጋ ማይክራፎኑን አነሳ።

«ክቡራን ተሳፋሪዎች! አሁን የገባችው ሴት ባለቤቴ ናት። ዛሬ የሥነ ምግብ ልምምዷን ጨርሳ ተመርቃለች። ማብሰል አይደለም! ሰው ማዳን ነው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። አውቶቡሱ በሙሉ አጨበጨበ። አንድ ጎረምሳ ወንበር ለቀቀልኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት፣ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ ያደረጉ፣ ጭብጨባው ሳያልቅ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እግሬ ማታ ማታ ያብጣል። ጨው ተዪ አሉኝ፣ ተውኩ። ጨው የሌለው ነገር ደግሞ አይወርድልኝም። ምን ይሻለኛል?»

ወረቀቴን ዘንቢሉ ላይ አስቀመጥኩት። «እስቲ እማማ፣ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ምን ምን ቀመሱ?» አልኳቸው።

ነገሩኝ። ስለ ሎሚና ስለ ነጭ ሽንኩርት አወራን፣ ስለ ታሸገ ሾርባ ተከራከርን፣ ሳቁብኝ፣ ሳቅኩባቸው። መድኃኒታቸውን ጠየቅኋቸው፤ እብጠቱን ሐኪም በዚህ ሳምንት ደግሞ እንዲያይላቸው ቃል አስገባኋቸው። ሰው ሲወርድ፣ ሰው ሲሳፈር፣ መንገዱ ሲያልፍ አላየሁም። ቀና ስል አውቶቡሱ ባዶ ነው፣ ቆሟል። ባለቤቴ ከመሪው ዞሮ ያየናል።

«እማማ፣ የመጨረሻው ፌርማታ ነው» አላቸው።

ዞረውም አላዩት። «ቆይ አንተ! ባለሙያዋ እያነጋገረችኝ ነው» አሉት።

ሞተሩን አጠፋ።